ለራሳችሁ ዜማ ራሳችሁ ክሊፕ ስትሠሩ

ይህ መመሪያ ግጥምና ዜማውን ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ለሚዘፍኑ፣ ፕሮዲዩሰርም አሳታሚም ከጀርባቸው ለሌላቸው ድምፃውያን ነው። ዘፈናችሁ ተቀርጿል፤ ሚክስና ማስተር ተሠርቶለት ተቀምጧል። የቀረው ክሊፑ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚሁ ላይ ነው። የክሊፕ ዋጋ ይጠይቃል፣ የተጠራለትን ብር ሰምቶ ይመለሳል፣ ዘፈኑም ሳይወጣ ይከርማል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም «ኢንዲ» የሚባሉት፣ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ርቀው በጥቂት ገንዘብ የሚሠሩ ድምፃውያን፣ ለዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል። ከሥራቸው የምንማረው ዋናው ነገር አንድ ሐሳብ መርጦ ከእሱ አለመውጣትን ነው። አንድ ሐሳብ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ክሊፕ በትንሽ ገንዘብ ይቆማል። አምስት ሐሳብ የታጨቀበት ክሊፕ ግን ብር ቢፈስበትም አይድንም። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ እምነት የመጣ ነው።

መጀመሪያ ተመልከቱ

ካሜራ ከመንካታችሁ በፊት አንድ ምሽት ለማየት ስጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እነዚህን ክሊፖች ከዩቲዩብ ፈልጉ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦብ ዲላን በ1965 ለንደን ውስጥ፣ ከሳቮይ ሆቴል ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ቆሞ የተቀረጸው «ሰብተሬንያን ሆምሲክ ብሉዝ» አለ። ዲላን አፉን አይከፍትም። ከግጥሙ የተመረጡ ቃላት በእጅ የተጻፉባቸውን ካርቶኖች እያሳየ አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ካርቶኑ ሲያልቅ ዘፈኑም ያልቃል። ዲ. ኤ. ፔኔቤከር የቀረጸው ይህ ምስል «ዶንት ሉክ ባክ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም መክፈቻ ሆኗል።

የሺኔድ ኦኮነር «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» የ1990 ሥራ ነው፤ ዳይሬክተሩ ጆን ሜይበሪ። የክሊፑ አብዛኛው ክፍል ፊቷ ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው እንባዋ ይወርዳል። እንባው ታስቦበት የመጣ አልነበረም፤ ሲመጣ ግን አልቆረጡትም።

ኮልድፕሌይ ገና አዲስ ባንድ ሳሉ በ2000 የሠሩት «የሎው» ለእናንተ ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። መላው ባንድ የሚታይበት ክሊፕ ነበር የታቀደው። ቀኑ ግን የከበሮ መቺው እናት የቀብር ቀን ሆነ፣ ዝናብም ጣለ። ስለዚህ ድምፃዊው ክሪስ ማርቲን ብቻውን፣ በእንግሊዝ ዶርሴት በሚገኘው የስተድላንድ የባሕር ዳርቻ ላይ እየተራመደ ዘፈነ። ሙሉው ክሊፕ ሳይቆረጥ የሚሄድ አንድ ቀረጻ ነው። ዕቅዱ ሲፈርስ የቀረችው አንዲት ሐሳብ ዓለም ያወቀውን ክሊፕ አቆመች።

ኦኬ ጎ የተባለው ባንድ አባላት በ2005 «ኤ ሚሊየን ዌይስ»ን ቤታቸው ጓሮ ውስጥ አንድ ካሜራ አቁመው እየጨፈሩ ቀረጹት። በዓመቱ «ሂር ኢት ጎስ አጌን»ን በስምንት የመሮጫ ማሽኖች ላይ ሠሩ፤ በ2007 ግራሚ አገኙበት። ካናዳዊቷ ፋይስት በ2007 «ዋን ቱ ስሪ ፎር» የተባለውን ዘፈኗን ከብዙ ተወዛዋዦች ጋር በአንድ ቀረጻ አወጣችው፤ ዳይሬክተሩ ፓትሪክ ዶተርስ ነበር። ክሌሮ በ2017 «ፕሪቲ ገርል»ን ስታወጣ ደግሞ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በኮምፒዩተሯ ካሜራ ፊት ተቀምጣ ነው የዘፈነችው፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያዎቹ ናቸው የፈለጓት።

ለእያንዳንዱ «በዚህ ክሊፕ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃሉ። ቀጥሎ ከአገራችን ክሊፖች የምትወዷቸውን ሦስት መርጣችሁ ይህንኑ አድርጉ። አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅታችኋል፦ ተከራይተው የገቡበት ቪላ፣ መኪና፣ ከተራራ በላይ የሚበር ድሮን፣ ተወዛዋዦች፣ በዚያ ላይ ደግሞ የሁለት ተዋንያን የፍቅር ታሪክ። እያንዳንዱ ለብቻው ክሊፕ ሊሆን ይችል ነበር። አብረው ሲመጡ ግን ዘፋኙ ከመሀላቸው ይጠፋል።

ሐሳቡን ከግጥሙ ማውጣት

ከሁሉም ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህን ክፍል ነው። ሳምንት ቢፈጅባችሁም አትዘኑ፤ እዚህ ያልተገኘ ነገር በቀረጻ ቀን አይገኝም።

ግጥማችሁን በወረቀት ላይ ጻፉት። ከጎኑ ለአራት ጥያቄዎች መልስ ስጡ፦ ማን ነው የሚናገረው? ለማን? የት ሆኖ? በቀኑ ስንተኛው ሰዓት? መልሶቹን ካገኛችሁ በኋላ ዘፋኙ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ሊሠራው የሚችል አንድ ድርጊት ፈልጉ። ድርጊት ነው ያልኩት። ሐዘን፣ ናፍቆት፣ ደስታ ካሜራ ፊት አይቆሙም፤ ሻንጣ ማሸግ፣ ቡና ማፍላት፣ ፀጉር መሠራት ግን ይቀረጻሉ።

ምሳሌ ልስጥ። ዘፈናችሁ ወደ ዓረብ አገር ስለምትሄድ እህት ነው እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤርፖርት፣ እንባና የአውሮፕላን ምስል ነው። ይልቅ እህቲቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ሻንጣ ስታሽግ አሳዩ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ የእናቷ ነጠላ ይገባሉ። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ከተፈቀደው ኪሎ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ክሊፕ በሙሉ ከሻንጣው ምን ይውጣ የሚለው ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሚዛን። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚወጣው ዕቃ ግን ግጥሙ ያልተናገረውን ይናገራል።

ወይም ዘፈኑ ስለ ተጣሉ ጓደኛሞች ቢሆን የቡናው ሥርዓት ቅርጽ ይሰጣችኋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ናቸው፤ ብዙ ዘፈንም ሦስት አንጓ አለው። ሁለት ስኒ ይቀርባል፣ አንዱን የሚጠጣው የለም። በመጀመሪያው ዙር ስኒው ሞልቶ ይቀዘቅዛል፣ በሁለተኛው እንደዚያው፤ በሦስተኛው ምን እንደሚሆን እናንተ ወስኑ። የዘፈኑ አካሄድና የድርጊቱ አካሄድ አንድ ላይ ስለሚሄዱ ኤዲቲንጉ ራሱ ይቀላችኋል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው ስንኝ በስንኝ ሥዕል መሥራት ነው። ግጥሙ «ዝናብ» ሲል ዝናብ፣ «መንገድ» ሲል መንገድ፣ «ልቤ» ሲል ደረት ላይ የሚያርፍ እጅ። የአማርኛ አድማጭ ግጥም ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ አለው፤ ያንኑ በዓይኑ ብትደግሙበት ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ይሆንበታል። ምስሉ ግጥሙ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ይቁም። ሁለተኛው ደግሞ ለውጥ የሌለው ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃና በመጨረሻው ደቂቃ መካከል አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ካርቶኑ ያልቃል፣ ሰው ይበዛል፣ ቀኑ ይመሻል፣ ሻንጣው ይዘጋል። የማይለወጥ ምስል ቆንጆም ቢሆን ከአንድ ደቂቃ በላይ ተመልካች አያቆይም። የሺኔድ ፊት ይህን ሕግ የጣሰ ይመስላል እንጂ አልጣሰም፤ ለውጡ ፊቷ ላይ ነው።

ካሜራ ፊት መቆም የሚከብዳችሁ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኬና «ሄል ቤንት» ለተባለው ዘፈኑ ክሊፕ የተጠቀመው የማርክ ኦዝበርንን «ሞር» የተባለ አጭር የአኒሜሽን ፊልም ነው፤ ፊልሙ ቀድሞ የተሠራና ለኦስካር የታጨ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዘፈናችሁን የሚመስል ሥራ የሠራ ሰው አጠገባችሁ ሊኖር ይችላል። የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎችን፣ ሥዕላቸውን በቴሌግራም የሚለቁ ወጣቶችን አነጋግሩ። ሥራቸውን ያለ ፈቃድ አትውሰዱ፤ በጽሑፍ ተስማሙ፣ አቅማችሁ የፈቀደውን ክፈሉ።

ቤት ውስጥ ሞክሩት

ሐሳቡን ካገኛችሁ በኋላ ለማንም ሳትነግሩ ሙሉውን ዘፈን ቤታችሁ ውስጥ በስልክ ቅረጹት። ልብስ፣ መብራት፣ ቦታ አያስጨንቃችሁ። ምስሉን ከዘፈኑ ጋር ገጥማችሁ አንድ ጊዜ በድምፅ፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ እዩት። ያለ ድምፅ ስታዩት የሰለቻችሁበትን ደቂቃ ጻፉ፤ ሐሳቡ የሚላላው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሙከራ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢወስድባችሁ ነው፤ የቀረጻውን ቀን ግን ያድንላችኋል።

ቦታና ብርሃን

ቦታ ስትመርጡ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ባለቤቱ ይፈቅዳል ወይ፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ከጀርባችሁ ምን ይታያል። ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመንግሥት ሕንፃ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ገበያ መሀል ካሜራ ማውጣት ያለ ፈቃድ አይሆንም። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይበርም፤ እውነቱን ለመናገር ለዚህ ዓይነቱ ዘፈን አያስፈልግም።

ብርሃንን በተመለከተ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሁለት ነገር ይከተላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች። ምሽት ላይ ደግሞ ቶሎ ይጨልማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚጠቅም ብርሃን የምታገኙት ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውጭ የምትቀርጹ ከሆነ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30፣ ወይም ከ10፡30 እስከ 12 ሰዓት ምሽት ያዙ። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ያላችሁ በበጋ ረጅም ምሽት ስላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በክረምት ግን ቀኑ ስለሚያጥር መስኮት አጠገብ ሥሩ።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚሻለው መብራት መስኮት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች ነጭ ነጠላ መስኮቱ ላይ ስቀሉ፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ዘፋኙን ከመስኮቱ ጎን እንጂ ፊት ለፊቱ አታቁሙት፤ አንድ ጉንጭ ብርሃን ሌላው ለስላሳ ጥላ ሲያገኝ ፊት ቅርጽ ይይዛል። ጥላው ከበዛ ከሌላኛው ወገን ነጭ አንሶላ ወይም ነጭ ካርቶን ይያዝ። የጣሪያውን አምፖል አጥፉት፤ የቀንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀል የፊት ቀለም ይበላሻል።

ከጀርባ ነጭ ግድግዳ ወይም ደማቅ ሰማይ ካለ ስልኩ ለእሱ ሲያስተካክል የእኛን ፊት ያጠቁረዋል። ጠቆር ያለ፣ ባለ ቀለም ግድግዳ ፈልጉ፤ አሮጌ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የጭቃ ቤት ግድግዳ እጅግ ያምራል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የዘፋኙን ፊት ነክታችሁ ያዙት፤ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ይህን ሳታደርጉ ከቀረጻችሁ ዘፋኙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ እየደመቀና እየደበዘዘ ያስቸግራችኋል።

ስልኩን ማዘጋጀት

ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ቦታ አስለቅቁ። በፎር ኬ የሚቀረጽ አንድ ደቂቃ እንደ ስልኩና እንደ አቀራረጹ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን አሥር ጊዜ ከተቀረጸ ስልካችሁ ሊሞላ ነው። ፉል ኤችዲ ለዩቲዩብ ይበቃል። ፓወር ባንክ አይለያችሁ። ፀሐይ ላይ ስልክ ሲግል ራሱን ስለሚያጠፋ በየመሀሉ ጥላ ውስጥ አሳርፉት።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በ50 ኸርዝ ነው የሚሄደው። አንዳንድ ፍሎረሰንትና ኤልኢዲ መብራቶች በዓይን አይታይም እንጂ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ስልካችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ ከዚያ ጋር ስለማይገጥም ግድግዳው ላይ የሚወርድ ጥቁር መስመር ወይም መርገብገብ ይመጣል። መፍትሔው በሰከንድ 25 ፍሬም መቅረጽና ሸተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማድረግ ነው። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ «ፓል» የሚባለውን ስትከፍቱ የ25 ፍሬም ምርጫ ይመጣል። በነፃ የሚገኘው ብላክማጂክ ካሜራ የተባለው አፕ ደግሞ በአይፎንም በብዙ አንድሮይድ ስልኮችም ፍሬሙንም ሸተሩንም በእጃችሁ ያደርጋል። አሜሪካ ያላችሁ ኃይላችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬምና 1/60 ያዙ። የቀን ብርሃን ላይ ይህ ችግር የለም።

የቀረጻ ቀን

የዘፈኑን ፋይል ከመጀመሪያው በፊት አራት ምት እንዲኖረው አድርጋችሁ አዘጋጁ። ዘፋኙም ካሜራ የያዘውም የት እንደሚጀመር ያውቃሉ። ዘፈኑ በስፒከር ይጮኻል፣ ዘፋኙ አብሮ ይዘፍናል፣ ስልኩም ያንን ድምፅ ይቀርጻል። ያ ድምፅ ለክሊፑ አይደለም፤ በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉን ከዋናው ዘፈን ጋር የምትገጥሙበት ምልክት ነው።

ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ አያንቀሳቅስ። ከልቡ፣ በሙሉ ድምፅ ይዝፈን። የአንገት ሥር፣ የደረት ትንፋሽ፣ የዓይን አካባቢ መጨማደድ ሳይዘፈን አይመጣም፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቀውም ልዩነቱን ይሰማዋል። ጊታር ወይም ክራር የያዘ ከሆነ በትክክል ይምታ፤ ጣቶቹ ሲሳሳቱ የሚያውቅ ዓይን ይኖራል።

ስፒከሩን ዘፋኙ አጠገብ አድርጉት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ካሜራው 30 ሜትር ከራቀ ድምፁ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ወደ ሁለት ፍሬም ዘግይቶ ነው። በቅርብ ቀረጻ አይታወቅም። ከሩቅ ስትቀርጹ ግን ኤዲት ላይ ያንን ሁለት ፍሬም ማስተካከል አለባችሁ፤ አለበለዚያ ከንፈርና ቃል ይለያያሉ።

ሐሳባችሁ የአንድ ቀረጻ ከሆነ እስክትጠግቡ ተለማመዱ። ኦኬ ጎ የመሮጫ ማሽኑን ክሊፕ ያገኙት በአሥራ ሰባተኛው ሙከራ ነው። ከቁርጥራጭ የሚገጠም ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ዘፈን ቢያንስ በሦስት ርቀት ቅረጹ፦ ቦታው በሙሉ የሚታይበት፣ ከወገብ በላይ፣ ፊት ብቻ። የፊቱን ቀረጻ ወደ መጨረሻ አታቆዩት፤ ዘፋኙ ሳይደክም፣ ብርሃኑም ጥሩ ሳለ ውሰዱት። ከዚያ ዕቃዎችን፣ እጆችን፣ ግድግዳውን ለብቻ ቅረጹ፤ ኤዲት ስታደርጉ መሸጋገሪያ ይሆኑላችኋል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ «በቃ» ከማለታችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ዝም በሉ። ጥሩ ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘፋኙ ያለቀ ሲመስለው ነው።

ሕልም የመሰለ ዝግታ የምትፈልጉ ከሆነ ከ«የሎው» ተማሩ። ያ ክሊፕ በሰከንድ 50 ፍሬም ተቀርጾ ነው የዘገየው፤ ማርቲን በሁለት እጥፍ ፍጥነት ነበር የዘፈነው። እናንተም በቀን ብርሃን ስልካችሁን 60 ፍሬም ላይ አድርጉ፣ ዘፈኑን በሁለት እጥፍ ፍጥነት አጫውቱ፣ ዘፋኙ በዚያ ፍጥነት ይዝፈን። በኋላ ምስሉን በግማሽ ስታዘገዩት ከንፈሩ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል፤ አካሉ፣ ልብሱ፣ ዝናቡ ግን ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ። በትዝታ ቅኝት ለተሠራ ዘገምተኛ ዘፈን ይህ ድንቅ ነው። ፈጣን ዘፈን ላይ ግን ምላስ አይደርስበትም፤ አትሞክሩት።

ካሜራ የሚይዘው ሰው አንድ ይሁን፤ ዘፈኑንም በቃሉ ይወቀው። የሚረዷችሁን ጓደኞች ምሳ አብሏቸው፣ ትራንስፖርታቸውን ቻሉ። ከኪሳችሁ ለሌላ ነገር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ቀጥታ ዘፍኖ መቅረጽ

ዘፈናችሁ ድምፅና አንድ ጊታር ብቻ ከሆነ ፕሌይባኩን (በስፒከር የሚጮኸውን ቀድሞ የተቀረጸ ዘፈን) ትታችሁ በቀጥታ ዘፍናችሁ ልትቀርጹት ትችላላችሁ። ፈረንሳውያኑ የላ ብሎጎቴክ ሰዎች ከ2006 ጀምረው ሙዚቀኞችን በፓሪስ ጎዳና፣ ካፌና ደረጃ ላይ እያዘፈኑ በአንድ ካሜራ ቀርጸዋል፤ ቪንሰንት ሙን የቀረጻቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ዛሬም ይማርካሉ። አርኬድ ፋየር የተባለው ባንድ አባላት በ2007 በኦሎምፒያ አዳራሽ የዕቃ ሊፍት ውስጥ ተጨናንቀው ሲጫወቱ፣ አንዱ አባል መጽሔት እየቀደደ ምት ይሰጣል። የቦታው ጥበት ራሱ ሐሳብ ሆነላቸው።

ለዚህ ድምፁን በሁለተኛ ስልክ ወይም በትንሽ ሪከርደር፣ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አድርጋችሁ ቅረጹ። ነፋስ ካለ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። መጀመሪያ ግን ቦታው ላይ ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ አዳምጡ፦ ባጃጅ፣ ጄኔሬተር፣ ግንባታ፣ የትምህርት ቤት ደውል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ መኖሩን አስባችሁ ሰዓታችሁን ምረጡ።

አሜሪካ የምትኖሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሜሪካ የሕዝብ ራዲዮ ኤንፒአር ከ2008 ጀምሮ «ታይኒ ዴስክ» የሚለውን ዝግጅት ያቀርባል፤ ከ2015 ጀምሮም ላልታወቁ ሙዚቀኞች ውድድር ከፍቷል። የሚጠየቀው የራሳችሁን ዘፈን ጠረጴዛ በሚታይበት ቦታ ስትጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፋንታስቲክ ኔግሪቶ፣ በሁለተኛው ቫዮሊን ተጫዋቿ ጌይሊን ሊ አሸንፈዋል። የየዓመቱን ደንብ አንብባችሁ ግቡበት፤ በአማርኛ የሚዘፈን ዘፈን እዚያ ጠረጴዛ ፊት መድረሱን እጅግ እመኛለሁ።

ኤዲቲንግ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ይገኛል፤ ኮምፒዩተራችሁ ደካማ ከሆነ ካፕከት ይበቃል። መጀመሪያ ከሁሉ የሚሻለውን ሙሉ ቀረጻ ዘፈኑ ላይ አስቀምጡና እስከ መጨረሻው እዩት። ሳይቆረጥ የሚቆም ከሆነ አትንኩት። መቁረጥ ካለባችሁ ስንኙ ሲያልቅ እንጂ በየምቱ አትቁረጡ፤ ዓይን ፊቱን ሳይጠግብ ምስል መቀየር ግጥሙንም ያቋርጠዋል። የስቱዲዮና የአጋር አርማዎችን መጀመሪያ ላይ አትደርድሩ፤ መጨረሻ ላይ ቦታ አላቸው። ቀለሙን በልክ ያዙት፣ የሰው ቆዳ የሰው ቆዳ ይምሰል።

የግጥሙን ጽሑፍ ምስሉ ላይ ከማተም ይልቅ በዩቲዩብ የመግለጫ ጽሑፍ ፋይል ጫኑት፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ወላጆቻቸው የሚወዱትን ግጥም የሚረዱበት መንገድ ይህ ነው። በምስሉ ላይ የግድ ፊደል የሚያስፈልግ ከሆነ በእጃችሁ ጻፉት፤ የግዕዝ ፊደል በካርቶን ላይ በከሰል ተጽፎ እንደሚያምር ማንም አይስተውም። በኮምፒዩተር ከሆነ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባሉትን ነፃ ፎንቶች ተጠቀሙ።

መብትና መልቀቅ

ግጥሙና ዜማው የእናንተ ቢሆንም ቅንብሩ፣ ማጀቢያው ወይም ከኢንተርኔት የወሰዳችሁት ቢት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ላመነጨው ሰው መብት ይሰጣል፤ ማሻሻያውም አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው (የአዋጆቹ ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ፦ ማን ምን ሠራ፣ ገቢ ቢመጣ እንዴት ይካፈላል። ከጓደኛ ጋር መፈራረም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጓደኝነቱን የሚጠብቀውም ይኸው ወረቀት ነው።

ክሊፑን ከሚወጣበት ቀን ሁለት ቀን ቀድማችሁ «በሊንክ ብቻ የሚታይ» አድርጋችሁ ጫኑት። ዩቲዩብ ከፍተኛውን ጥራት ለማዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል፤ የመብት ጥያቄ ካለም ያኔ ይታያችኋል። ርዕሱን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ጻፉ፤ ብዙ ሰው በላቲን ፊደል ነው የሚፈልገው። ለቲክቶክና ለሾርትስ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ የሆኑ ሁለት ሦስት ቁመታዊ ቁራጮች አዘጋጁ። ኦዲዮው ስፖቲፋይ ላይ ካለም ከ3 እስከ 8 ሰከንድ የሚደጋገም ቁመታዊ ምስል መስጠት ትችላላችሁ። ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ሰብስክራይበር፣ ከእሱም ጋር በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ ዕይታ ይጠየቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክሊፕ ገንዘብ ያመጣል ብላችሁ አትበደሩ።

በመግለጫው ውስጥ የሁሉንም ስም ጻፉ፦ ግጥምና ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክስና ማስተር፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግ፣ አንሶላ የያዘው ጓደኛ፣ ቤታቸውን የፈቀዱት እማማ ሳይቀሩ። ዘፈኑን አስቀምጣችሁ ገንዘብ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። ግጥሙን ዛሬ ማታ በወረቀት ላይ ጻፉት፣ አራቱን ጥያቄዎች መልሱ፣ ካሜራ የሚይዝላችሁን ሰው ለሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ቅጠሩት።